ውርሱ ከወላጅ፣ ጥፋቱ ከጭስ



በሆስፒታል በር በኩል ስታልፉ በብብታቸው ሥር ትልቅ ፖስታ ይዘው የሚወጡ ሰዎችን ሳታዩ አትቀሩም። በፖስታው ውስጥ ያለው ጥቁርና ነጭ የሆነ ፊልም ነው። አንዳንዶቹ ታክሲ እስኪመጣ እንኳ አይታገሡም። ፊልሙን ያወጡና ወደ ፀሐይ አንሥተው ያዩታል። ምንም አይገባቸውም፤ ሆኖም ደጋግመው ያዩታል። እኔም ከዓመታት በፊት የአባቴን የደረት ፊልም ይዤ እንደዚሁ ሳንጋጥጥ፣ አንድ የማላውቃቸው አዛውንት «ልጄ፣ አንቺ ካነበብሽው ሐኪሙ ምን ሠርቶ ይበላል?» ብለው አሥቀውኛል።

ለመሆኑ ሐኪሙ በዚያ ፊልም ውስጥ የሚያየው ምንድን ነው? ያየው ነገርስ ለቤተሰቡ ምን ይጠቅማል? ወደፊት ሊመጣ የሚችልን ሕመም አስቀድሞ አውቆ መጨነቅ ይሻላል ወይስ ሳያውቁ መኖር? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጥ አንድ እውነተኛ ታሪክ በስዊድን አገር ተፈጽሟል። ታሪኩ የሚጀምረው በላቦራቶሪ ውስጥ ሲሆን የሚያልቀው ግን በእናቶችና በልጆቻቸው ቤት ነው። በመሆኑም የዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ።

የጎደለችው መስመር

በደቡብ ስዊድን በምትገኘው በማልሞ ከተማ ካርል-ቤርቲል ላውሬል የሚባሉ ሐኪም በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በዚያ ላቦራቶሪ የበሽተኞች ደም በኤሌክትሪክ ኃይል እየተጣራ፣ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች በየፈርጃቸው ተለይተው በመስመር በመስመር እንዲታዩ ይደረግ ነበር። ላውሬል ውጤቱን ሲመረምሩ በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ «አልፋ-1» በሚባለው ቦታ ላይ መታየት የነበረበት መስመር አለመኖሩን አስተዋሉ። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ባለፈው ነበር። እሳቸው ግን ስቴን ኤሪክሶን ከሚባለው ወጣት ሐኪም ጋር ሆነው፣ መስመሩ የጎደለባቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑና ሕመማቸው ምን እንደሆነ መከታተል ጀመሩ።

ከ1,500 የደም ናሙናዎች ውስጥ መስመሩ የጎደለው በአምስቱ ብቻ ነበር። ከአምስቱ ሰዎች መካከል ሦስቱ ገና ሳያረጁ ኤምፊዚማ በሚባለው የሳንባ በሽታ የተያዙ ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ሐኪሞች ይህንኑ በ1963 ለሕክምናው ዓለም አስታወቁ። የጎደለው ፕሮቲን አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን ይባላል። ስሙ ቢከብድም ሥራው ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም።

አፎት የሌለው ቢላዋ

በመጀመሪያ ኤምፊዚማ ምን እንደሆነ እንመልከት። በደንብ የተጋገረ እንጀራ አስቡ። ዓይኖቹ ጥቃቅን፣ ብዙና የተቀራረቡ ናቸው። የጤነኛ ሰው ሳንባም እንደዚሁ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት። የምንስበው አየር ወደ ደማችን የሚገባው በነዚህ ከረጢቶች ስስ ግድግዳ በኩል ነው። ግድግዳዎቹ ሲበጣጠሱ ብዙ ትናንሽ ዓይኖች ተያይዘው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ይሆናሉ። ቀዳዳው አየር ይይዛል፤ ነገር ግን አየሩን እንደ ቀድሞው ወደ ደም ማሳለፍ አይችልም። ሳንባው የመለጠጥና የመሰብሰብ ኃይሉን ስለሚያጣም የገባው አየር በቀላሉ አይወጣም። ሰውየው በመጀመሪያ ዳገት ሲወጣ ብቻ ያለከልካል፤ እየቆየ ግን ጫማውን ለማሠር ሲያጎነብስ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንድ ጊዜ የተበጠሰ ግድግዳ ተመልሶ አይሠራም።

ግድግዳውን የሚበጥሰው ማነው? ነገሩ ቢያስገርምም የራሳችን ዘበኞች ናቸው። ጀርም ወይም ጭስ ወደ ሳንባ ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ለመከላከል ይመጣሉ። በሥራቸውም ላይ ኤላስቴስ የሚባል የሚቆርጥ ኢንዛይም ያፈሳሉ። ይህ ኢንዛይም እንደ ስለታም ቢላዋ ነው። ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ የሚገታው ካላገኘ የሳንባውንም ግድግዳ ይቆርጣል። አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የዚህ ቢላዋ አፎት ነው ማለት ይቻላል። ጉበት ይሠራዋል፤ ከዚያም በደም ተጉዞ ሳንባ ይደርስና ኢንዛይሙን ያስታግሰዋል።

ከባዱ የውርስ ጉድለት ባለባቸው ሰዎች ግን ፕሮቲኑ ቅርጹ ተበላሽቶ ይሠራል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ከጉበት ሳይወጣ እዚያው ይጠራቀማል። ወደ ደም የሚደርሰው ከሚያስፈልገው ከመቶ አሥር እስከ አሥራ አምስት እጅ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህም አንዳንዱ በጉበቱ፣ አንዳንዱ በሳንባው፣ አንዳንዱም በሁለቱም ይታመማል። ዕድሜውን ሁሉ ሳይታመም የሚኖርም አለ።

እዚህ ላይ እናቶች አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በየቤታችን ልጅ ሲታመም «ይህ በሽታ በማን ወገን መጣ?» ተብሎ ይጠየቅና ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ወደ እናት ነው። በዚህ ሕመም ግን አንድ ልጅ ከባዱን ጉድለት የሚይዘው ከእናቱም ከአባቱም አንዳንድ የተበላሸ ጂን ሲደርሰው ነው። ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ስለሚኖር ተሸካሚ መሆኑን እንኳ አያውቅም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ እያንዳንዱ ልጃቸው ከባዱን ጉድለት የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሁለቱም ወላጆች እኩል ያወረሱትን ለአንዷ ብቻ ማሸከም ከእውነትም ከፍርድም የራቀ ነው።

የ127ቱ ሕፃናት እናቶች

ከ1972 እስከ 1974 ድረስ በስዊድን አገር የ200,000 አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ደም ለዚህ ጉድለት ተመረመረ። ከነዚህም መካከል 127ቱ ከባዱን ጉድለት የወረሱ ሆነው ተገኙ። ይህም ማለት ከ1,600 ሕፃናት አንዱ ገደማ መሆኑ ነው። ከተገኙት ሕፃናት ከአሥሩ አንዱ ያህል በጨቅላነቱ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ ሆኖ በጉበት ሕመም ተጠቅቷል። የቀሩት ግን አብዛኞቹ የሚጠቡ፣ የሚሥቁ፣ የሚወፍሩ ልጆች ነበሩ።

እስቲ ራሳችሁን በአንዲት የማልሞ እናት ቦታ አስቀምጡት። ልጇ በጭኗ ላይ ተኝቷል። ጤነኛ ነው። ሐኪሙ ግን በደሙ ውስጥ አንድ ነገር እንደጎደለ፣ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን ሳንባው ሊታመም እንደሚችል፣ ላይታመምም እንደሚችል፣ ለጊዜው የሚሰጥ መድኃኒትም እንደሌለ ይነግራታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ባሳለ ቁጥር የዚያች እናት ልብ ምን ሊል እንደሚችል እናት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች።

በእርግጥም የወላጆቹ ጭንቀት ቀላል አልነበረም። በ1974 ምርመራው እንዲቆም ከተደረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው በወላጆች ላይ ያሳደረው ጭንቀት ነው። ጤነኛ ልጅ ታቅፋ ለምትገኝ እናት፣ ሊመጣም ላይመጣም ስለሚችል ሕመም መንገር ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራከረ።

ሆኖም ከዚያ ዜና ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ምክር ነበር። ይኸውም ልጁን ከትምባሆ ጭስ አርቁት፣ ሲያድግም ሲጋራ እንዳይጀምር አስተምሩት የሚል ነው። ልጆቹ እያደጉ ሲሄዱ ሐኪሞቹ መከታተላቸውን አላቋረጡም። ለአካለ መጠን በደረሱበት ጊዜም ሲጋራ የጀመሩት ከእኩዮቻቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ። ይህ ጥሩ ዜና ነበር። ነገር ግን ሳንባቸውስ? ዘበኛው በሌለበት ቤት ውስጥ ምን ደርሶ ይሆን? ይህን ለማወቅ ከላይ ከማየት ይልቅ ወደ ውስጥ የሚያይ መሣሪያ አስፈለገ።

ድፎውን ቆርሶ ማየት

ተራው የደረት ራጅ ድፎ ዳቦን ሳይቆርሱ ከላይ እንደመመልከት ነው። መቃጠሉንና መሰንጠቁን ታያላችሁ፤ መሐሉ ይብሰል አይብሰል ግን አታውቁም። ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያ ዳቦውን በስሱ በስሱ ቆራርጦ የእያንዳንዱን ቁራሽ ሆድ እንደማሳየት ያለ ነው። መሣሪያውን የሠሩት ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የተባሉ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዋ በሽተኛ ጭንቅላቷን የተነሣችው በለንደን ከተማ በ1971 ነበር። ሃውንስፊልድ በ1979 ከአላን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል፤ ጠረጴዛውም እንደ ትልቅ ቀለበት ባለው መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። መሣሪያው ጨረሩን በሰውነት ዙሪያ እያዞረ ይልካል። ኮምፒዩተሩም ለእያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር ይሰጣታል። የቁጥሩ መለኪያ በሃውንስፊልድ ስም ይጠራል። በዚህ መለኪያ ውሃ ዜሮ ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1,000 ነው። ጤነኛ ሳንባ አየርና ሥጋ የተቀላቀለበት ስለሆነ በሁለቱ መካከል፣ ወደ አየሩ ቀረብ ብሎ ይገኛል። ኤምፊዚማ ሲኖር ሥጋው እየጠፋ አየሩ ስለሚበዛ ቁጥሩ ይበልጥ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ እንደ ድንበር የሚወሰደው ከዜሮ በታች 950 ነው። ከዚያ በታች የወረዱት ነጥቦች ከሳንባው ከመቶ ስንት እጅ እንደያዙ ይቆጠርና የጉዳቱ መጠን ይታወቃል።

ሌላም ዘዴ አለ። መቶ ተማሪዎች በቁመት ቢሰለፉና ከአጭሩ ጀምራችሁ አሥራ አምስተኛውን ልጅ ብትለኩ፣ ስለ ክፍሉ ትንንሽ ልጆች አንድ የተጨበጠ ነገር ታውቃላችሁ። የሳንባውም ነጥቦች እንደዚሁ ከስሱ ወደ ወፍራሙ ይሰለፉና ከመቶው አሥራ አምስተኛው ላይ ያለው ውፍረት ይለካል። ልኩ የሚነገረው በአንድ ሊትር ስንት ግራም እየተባለ ነው። የዛሬው ልክ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚወሰደው ጋር ሲነጻጸር፣ ሳንባው ምን ያህል እንደሳሳ ያስረዳል።

ከዚህም ሌላ መሣሪያው ጉዳቱ ያለበትን ቦታ ያመለክታል። ሲጋራ ብቻውን የሚያመጣው ኤምፊዚማ አብዛኛውን ጊዜ በሳንባው የላይኛው ክፍል ይበረታል። ከዚህ የውርስ ጉድለት ጋር የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የታችኛውን ክፍል ያጠቃል። ይህን ያየ ሐኪም የደም ምርመራ እንዲደረግ ያዛል። የውርስ ጉድለቱን የሚያረጋግጠው ግን ደሙ እንጂ ፊልሙ አይደለም። ፊልሙ የሚናገረው ጉድለቱ በሳንባው ላይ ምን እንዳደረሰ ነው።

«በቱቦ በኃይል እየተነፈሱ የሚለኩበት መሣሪያስ አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። የትንፋሽ መለኪያው ርካሽና ጨረር የሌለው ስለሆነ በሽተኛን ለመከታተል ዋናው መሣሪያ እሱ ነው። ነገር ግን ሳንባችን ትርፍ አቅም ያለው አካል ነው። ትርፉ እስኪያልቅ ድረስ ትንፋሹ ደኅና ሊመስል ይችላል። በዚያን ጊዜ ሲቲ ስካኑ ቀዳዳዎቹን አስቀድሞ ሊያሳይ ይችላል።

ይህ ልዩነት በመድኃኒት ጥናት ላይ በግልጽ ታይቷል። ከሰዎች ደም የተጣራ አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን በየሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥበት ሕክምና አለ። በአሜሪካ ከ1987 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። የጠፋውን ሳንባ አይመልስም፤ የሚጠበቅበት የቀረውን ማቆየት ነው። በ2015 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በ13 አገሮች የሚገኙ 180 በሽተኞች ለሁለት ዓመት ያህል እኩሌቶቹ መድኃኒቱን፣ እኩሌቶቹ መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ እየወሰዱ ተከታተሏቸው። በትንፋሽ መለኪያው በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሙሉ ትንፋሽ ተስቦ በተነሣው ሲቲ ስካን ግን፣ መድኃኒቱን ያላገኙት ሳንባቸው በዓመት 2.19 ግራም በሊትር ሲሳሳ፣ ያገኙት 1.45 ግራም ብቻ ሳስቷል። ትንፋሽ ያልተናገረውን ፊልሙ ተናገረ ማለት ነው። ሕክምናው ውድ በመሆኑ ግን በብዙ አገሮች አይገኝም።

ፊልሙም ይሳሳታል

ይህን ሁሉ ስል ሲቲ ስካን ሁሉን ያውቃል ማለቴ አይደለም። በሽተኛው ትንፋሹን ግማሽ ብቻ ስቦ ከተነሣ ሳንባው ከእውነተኛው ይልቅ ወፍራም መስሎ ይታያል። ስለዚህ ባለሙያዋ «በደንብ ሳቢ፣ ያዢው» ስትል በልቶ ወይም አፍሮ መሸወድ ጉዳቱ ለራስ ነው። ከዓመት ዓመት ለማነጻጸርም መሣሪያውና አነሣሡ አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል።

ሌላው የሚያስገርም ነገር የሲጋራ ጉዳይ ነው። የሚያጨስ ሰው ሳንባ በጭሱ ምክንያት ስለሚቆጣ በፊልሙ ላይ ወፈር ብሎ ይታያል። ሰውየው ማጨሱን ሲተው ቁጣው ይበርድና ሳንባው በድንገት የሳሳ ይመስላል። ይህን የማያውቅ ሰው «ሲጋራ ብተው ባሰብኝ» ብሎ ወደ ሲጋራው ሊመለስ ይችላል። የወረደው ግን ቁጣው ነው እንጂ ሳንባው አይደለም። ባሎቻችሁ ወይም ወንድሞቻችሁ እንዲህ ሲሉ ብትሰሙ ይህን አስታውሷቸው።

ጨረሩንም መርሳት አይገባም። የአንድ የደረት ሲቲ ስካን ጨረር ከተራው የደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። አነስተኛ ጨረር ያለው አነሣሥ ቢኖርም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ «ለማንኛውም ልነሣ» የሚባልለት ነገር አይደለም። ያረገዘች ወይም ያረገዘች የሚመስላት ሴት ከመነሣቷ በፊት መናገር አለባት። በተረፈ ግን ሕመም የለውም። ለኤምፊዚማ ሲባል ብቻ ሲነሣ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌም አያስፈልገውም። ፊልሙንና ከእሱ ጋር የተሰጠውን ወረቀት ግን አትጣሉ። ነገ ለማነጻጸር የሚፈለገው የዛሬው ነውና።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ

አሁን ወደ ስዊድኖቹ ልጆች እንመለስ። በ1972 እና በ1974 መካከል በእናቶቻቸው ጭን ላይ የነበሩት ሕፃናት ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው፣ ከመካከላቸው ፈቃደኛ የሆኑት የትንፋሽ መለኪያ ተደረገላቸው፤ ከፊሎቹም ሲቲ ስካን ተነሡ። ጉድለቱ ከሌለባቸው እኩዮቻቸውም ጋር ተነጻጸሩ።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ከባዱን ጉድለት ወርሰው ሲጋራ አጭሰው የማያውቁት ሰዎች፣ በዚያ ዕድሜያቸው በትንፋሻቸውም ሆነ በሳንባቸው ውፍረት ከእኩዮቻቸው የሚለዩበት ነገር አልተገኘም። ያንኑ ጉድለት ወርሰው የሚያጨሱት ግን በዚያው ዕድሜ ሳንባቸው መሳሳት መጀመሩን ፊልሙ አሳየ። ውርሱ አንድ ነው፤ አገሩ አንድ ነው፤ ዕድሜው አንድ ነው። የለያቸው ሲጋራው ነው።

ይህ ሲባል ግን ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ዕድሜ መጨረሻ አይደለም። ከዚያ በኋላም መከታተል ያስፈልጋቸዋል። ሆኖም ያቺ የማልሞ እናት ለብዙ ዓመታት በልቧ ይዛው ለኖረችው ጥያቄ ከፊል መልስ ተገኝቷል። ማወቁ ብቻውን ጭንቀት ነበር። ማወቁ ጭስን ከልጁ ሲያርቅ ግን ሳንባ አትርፏል።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ የውርስ ጉድለት በብዛት የሚገኘው የሰሜን አውሮፓ ዘር ባላቸው ሰዎች ዘንድ ሲሆን፣ በአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በቤታችሁ የሚያስል ሁሉ ይህ ያለበት መስሏችሁ እንዳትደነግጡ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ በመጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ነው የሚገባው።

ነገር ግን የማልሞው ታሪክ ስለ ጭስ የተናገረው ለሁላችንም ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባለቤቷ ሕፃን ልጃቸው በተኛበት ክፍል ውስጥ ሲያጨስ «ኧረ እባክህ ወደ ውጭ ውጣ» ብትለው፣ «አያቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ ጋያ ሲያጨሱ ኖረው ሰማንያ ዓመታቸው ነው የሞቱት፤ ምን ሆኑ?» ብሎ መለሰላት። እሷም መልስ አጣች። መልሱ ይህ ነው፦ የአያትህ ቢላዋ አፎት ይኖረው ይሆናል፤ የልጅህ ግን መኖር አለመኖሩን በምን አወቅህ? ሳንባ ሁሉ እኩል አልተፈጠረም። ጭስን የሚቋቋመውንና የማይቋቋመውን ከፊቱ አይታችሁ አትለዩትም። ስለዚህም ከሁሉም ሳንባ ጭስን ማራቅ ነው የሚበጀው።

ጭስ ስል የሲጋራውን ብቻ ማለቴ አይደለም። በር ተዘግቶ በማገዶና በከሰል የሚሠራበት ማድ ቤትም የሳንባ ጠላት ነው። ዕድሜ ልኳን ምጣድ ሥር ስታጎነብስ የኖረች እናት አንድም ሲጋራ ሳታጨስ ሳንባዋ ሊታመም ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለማግኘት አቅም የሌላት፣ ጭስና ማገዶ የሚቀንሱትን የተሻሻሉ ምድጃዎች ብትጠቀም፣ እሱም ካልሆነ መስኮትና በር ከፍታ ብትሠራ፣ ሕፃን ልጇንም በጀርባዋ አዝላ እሳት አጠገብ ባትቆም ብዙ ታተርፋለች።

በ2019 በወጣው አዋጅ መሠረት በአገራችን የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስ ተከልክሏል። አዋጁ ግን እስከ መኝታ ቤታችን አይገባም። የቤቱን አዋጅ የሚያወጡት ባልና ሚስት ናቸው።

ለመሰናበቻ ያህል ወደ አባቴ ፊልም ልመለስ። ያን ዕለት ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ባለበት ሰሌዳ ላይ ሰቅሎ ምንም ሳይናገር በመጀመሪያ «አባት፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብሎ ጠየቀ። አባቴም «ድሮ ትቼዋለሁ» አሉ። ፓኮው በኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። አባትን በሰው ፊት ማዋረድ መስሎኝ ዝም አልሁ። ሐኪሙም በሰማው መሠረት አከመ። የደበቅሁት የአባቴን ገመና ሳይሆን የሳንባቸውን ጠላት መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

እናንተ ግን እንደኔ ዝም አትበሉ። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን እውነቱንም ይዛችሁ ሂዱ። በቤት ውስጥ ማን እንደሚያጨስ፣ በምን እንደምታበስሉ፣ ከዘመድ ማን በሳንባ ወይም በጉበት እንደታመመ ሳትደብቁ ተናገሩ። ከሐኪም ቤት ስትመለሱም ፊልሙን በሣጥን አስቀምጡ፤ መተርኮሻውን ግን ከቤት አውጡት።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።